ስለ ፎርሙላ ወተት የሚወራውና እውነታው፦ ገንዘቡ የሚባክነው የት ላይ ነው?

ዛሬ ዛሬ የፎርሙላ ዋጋ ጠይቆ "ውይ!" ሳይል ከፋርማሲ የሚወጣ ሰው የለም። ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ባቲ ያው ነው። ዋጋው ሲንር ደግሞ ምክሩ ይበዛል። ጎረቤት አንድ ይላል፣ አክስት ሌላ ትላለች፣ ቲክቶክ የራሱን ይጨምራል። ግማሹ ምክር ኪስ ያራቁታል፣ ግማሹ ልጅ ያሳምማል። የሚገርመው ብዙ ቤት የሚቆጠበው መቆጠብ በሌለበት ቦታ ነው። እንደ እኔ ከሆነ በቆርቆሮው ዋጋ ላይ የቻላችሁትን ያህል ተከራከሩ፤ በማንኪያው ላይ ግን አንዲት ቅንጣት አትቀንሱ።

"ውዱ ይሻላል፤ ልጅ ላይ አይቆጠብም"

ሻጭ ይህን አባባል በጣም ይወደዋል። እውነታው ግን ከውልደት ጀምሮ የሚሰጥ ፎርሙላ ምን ያህል ፕሮቲን፣ ቅባት፣ ብረትና ቫይታሚን መያዝ እንዳለበት የሚወስን ኮዴክስ የተባለ ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አለ። ደረጃውን ያሟላ ርካሽ ፎርሙላ ጤነኛ ልጅን ያሳድጋል። ውዱ ላይ የምትከፍሉት በአብዛኛው ለስሙ፣ ለማሸጊያውና "ለአእምሮ እድገት" ለሚለው ጽሑፍ ነው።

ሁለት ቆርቆሮ ስታወዳድሩ የቆርቆሮውን ዋጋ ብቻ አትዩ። ግራሙን እዩና የ100 ግራሙን ዋጋ አስሉ። የ400 ግራሙን ለ4፣ የ900 ግራሙን ለ9 ማካፈል ነው። 5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ፎርሙላ ብቻ የሚጠጣ ልጅ በቀን 750 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይፈልጋል። ለዚህ የሚገባው ዱቄት ወደ 100 ግራም ነው። ስለዚህ ያሰላችሁት ቁጥር ራሱ የአንድ ቀን ወጪያችሁ ነው ማለት ይቻላል። ባለ 400 ግራሙ አራት ቀን አካባቢ ነው የሚቆየው። ይህን ሳያውቁ "አንድ ቆርቆሮ ለወሩ ይበቃናል" ብለው የሚጀምሩ ቤቶች ናቸው በኋላ ውሃ ማብዛት ውስጥ የሚገቡት።

የመጠቀሚያ ቀኑ የተቃረበ ወተት በቅናሽ ካገኛችሁ ግዙ፤ ቀኑ ሳያልፍ ካለቀ ችግር የለውም። የተከፈተ፣ የተጨማደደ፣ ጽሑፉ የተፋቀ ወይም ፀሐይ ላይ የዋለ ቆርቆሮ ግን በነጻም ቢሰጣችሁ ይቅር።

"ትንሽ ውሃ ቢበዛበት ምን ይሆናል?"

ብዙ ይሆናል። አራት ማንኪያ በሚገባበት ሦስት ካስገባችሁ ልጁ ከሚያስፈልገው ምግብ ሩቡ ቀርቶበታል። ሆዱ በውሃ ስለሚሞላ ላያለቅስ ይችላል፤ ክፋቱም ይሄ ነው። "ጠግቦ ተኛ" ይባላል፣ ኪሎው ግን ቆሟል። ከዚህ የባሰም አለ። ውሃው በጣም ሲበዛ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም የሚባለው ጨው ይወርዳል። ልጁ ይፈዛል፣ አንዳንዴም ሰውነቱን ያንዘፈዝፈዋል። ያን ጊዜ በማንኪያ የተቆጠበው ብር ለባጃጅና ለሆስፒታል ይሄዳል።

ማብዛትም ጥሩ አይደለም። "እንዲወፍርልኝ" ብለው ማንኪያውን የጤፍ ቁና ይመስል ከምረው የሚሰፍሩ አሉ። ይህ ልጁን ያደርቀዋል፣ ኩላሊቱን ያስቸግራል፣ ቆርቆሮውንም ቶሎ ይጨርሳል። ማንኪያው በንጹህ ቢላዋ ጀርባ ተስተካክሎ ልክ መሆን አለበት። መጀመሪያ ውሃው ይለካል፣ ዱቄቱ ይከተላል። የአንዱን ቆርቆሮ ማንኪያ ለሌላው አትጠቀሙ። አንዱ ለ30 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ለ60።

"ኒዶም ያው ወተት ነው"፣ "የፍየል ወተት ለእናት ጡት ቅርብ ነው"

ኒዶና መሰሎቹ የደረቀ የላም ወተት ናቸው እንጂ ፎርሙላ አይደሉም። መልካቸው ስለሚመሳሰልና ዋጋቸው ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ የላም ወተት ጨውና ፕሮቲኑ ይበዛበታል፣ ብረቱ ደግሞ በጣም ያንሰዋል። የፍየል ወተትማ ባቲና ቆቦ አካባቢ ክብሩ ትልቅ ነው። ለትልቅ ሰው ይስማማው። ለጨቅላ ግን ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ በእሱ ብቻ ያደገ ልጅ ደም ማነስ ሊያገኘው ይችላል። የአብሽ ውሃ፣ ስኳር በውሃ፣ ቀጭን አጥሚት፣ ለጋ ቅቤ ማላስም ከ6 ወር በፊት ቦታ የላቸውም። ማር ደግሞ ዓመት እስኪሞላው አይነካም።

"ፔርሙስ ውስጥ ያደረው ለብ ያለ ውሃ ይበቃል"

የፎርሙላ ዱቄት ከፋብሪካ ሲወጣ ከጀርም የጸዳ አይደለም። አንዳንዴ ለጨቅላ አደገኛ የሆነ ባክቴሪያ ይገኝበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውሃ ይበጥበጥ የሚለው ለዚህ ነው። ሙቀቱ የሚያስፈልገው ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ለመግደልም ነው እንጂ ለውሃው ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ የደሴ ሰው አንድ የተለየ ነገር አለበት። ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የተንተከተከ ውሃን ለ3 ደቂቃ ማቆየት ጀርሙን ለመግደል በቂ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የፈላ ውሃ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቆይ ይበጥበጥ የሚለው ምክር 100 ዲግሪ ላይ ለሚፈላ ውሃ የተሰላ ነው። የኛው ከታች ይጀምራል፣ ብርዱ ደግሞ አለ። ስለዚህ ብዙ አትጠብቁ። ከበጠበጣችሁ በኋላ ጡጦውን ወይም ስኒውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ እጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ለብ ማለቱን ካያችሁ ስጡት።

"የተረፈውን በኋላ ይጠጣዋል"

ልጅ አፉን ያስነካው ወተት ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ባቲ ወይም ቆቦ ሙቀት ላይ ይህም ራሱ ይበዛበታል። ይደፋ። ሲደፋ ሆድ ያማል፣ እውነት ነው። ግን ስሌቱን ተመልከቱ፦ በቀን አምስት ጊዜ 30 ሚሊ ሊትር ከተደፋ 150 ሚሊ ሊትር ነው። ከ750 ሚሊ ሊትሩ አንድ አምስተኛው ማለት ነው። ከአምስት ቆርቆሮ አንዱ መሬት ፈሰሰ። መፍትሄው የተረፈ ማስጠጣት ሳይሆን አነስ አድርጎ መበጥበጥ ነው። 120 በጥብጣችሁ ሁልጊዜ 30 የሚተርፍ ከሆነ ነገ 90 አድርጉት። ካልበቃው ሌላ 30 ይጨመርለታል።

የተከፈተ ቆርቆሮ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ፍሪጅ እርጥበት ስላለው አይሆንለትም። ቆርቆሮው ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በአንድ ወር ውስጥ ማለቅ አለበት።

"ወተት አልመጣልኝም"

አብዛኛው የፎርሙላ ወጪ የሚጀምረው ከዚህች አረፍተ ነገር ነው፤ ያውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት። አራስ ጠያቂው ቤቱን ሞልቶ ሕፃኑ ያለቅሳል። አያት "ልጄ፣ ጡትሽ ባዶ ነው፣ አታስርቢው" ትላለች። አባት ወደ ፋርማሲ ይሮጣል።

ጡቱ ባዶ አይደለም። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ቢጫ እንገር ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፣ የሕፃኑም ሆድ ትንሽ ነው። ብዙ ወተት የሚመጣው በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ነው። ጡት ደግሞ የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው። ፎርሙላ ሲገባ ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ ጡት አይጠባም፣ ወተቱ በእርግጥ ይቀንሳል። ከዚያ "አላልኳችሁም?" ይባላል። መብቃቱን የምታውቁት በሽንቱና በኪሎው ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ሽንት ከሸና እየጠገበ ነው። ኪሎውን ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ይመዝኑላችኋል። ሽንቱ ካነሰ ወይም ኪሎው ካልጨመረ ግን ጊዜ አትስጡት፣ ባለሙያ ጋ ሂዱ። ፎርሙላ በእውነት የሚያስፈልጋቸው ሕፃናትም አሉ፤ እናታቸው ማፈር የለባትም።

ለአራስ ጥየቃ ቆርቆሮ ይዛችሁ ከምትሄዱ ለእናትየዋ ዶሮ ውሰዱ።

"ሥራ ከገባሁ ጡት አበቃ"

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሠራ እናት ፈቃዷ ሲያልቅ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለ ይመስላታል፦ ፎርሙላ ወይም ሥራ መልቀቅ። ሦስተኛው በእጅ አልቦ ማስቀመጥ ነው። ማሽን አያስፈልገውም፤ እጅ ታጥቦ ንጹህ ክዳን ያለው ዕቃ ይበቃል። የታለበ የጡት ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ባይበቃ እንኳ ቀን ፎርሙላ፣ ማታና ሌሊት ጡት ማድረግ ይቻላል። ወጪው በግማሽ ሊወርድ ይችላል።

ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ እናትም ፎርሙላ የመግዛት ግዴታ የለባትም። መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች የመጀመሪያውን 6 ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ ነው የሚመከረው። የጤና ባለሙያዋ ይከታተላታል።

"አለቀሰ፤ ወተቱ አልተስማማውም"

ሕፃን በብዙ ምክንያት ያለቅሳል። በየሳምንቱ ስም መቀያየር ግማሽ ግማሽ የተበላ ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ ይደረድራል እንጂ ለቅሶውን አያስቆምም። ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ሽፍታ ወይም ብርቱ ትውከት ካለ ግን ሐኪም ይየው። ልዩ ፎርሙላ የሚገዛውም ሐኪም ሲያዝ ነው።

"ጡጦ ግድ ነው"

አይደለም። ሕፃን ከስኒ ይጠጣል። ስኒ በሳሙና ታጥቦ በፈላ ውሃ ይለቀለቃል፣ አለቀ። የጡጦ ጫፍና አንገት ግን ወተት ይደብቃል፣ ብሩሽ ይፈልጋል፣ ጫፉም በየጊዜው ይገዛል።

"6 ወር ሲሞላው 2 ቁጥር፣ ዓመት ሲሞላው 3 ቁጥር"

ከውልደት ጀምሮ የሚሰጠው 1 ቁጥር ፎርሙላ እስከ 12 ወር ይበቃል። 2 ቁጥር ከገበያ እንጂ ከልጁ ፍላጎት የመጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጡት ለማያገኝ ከ6 እስከ 11 ወር ልጅ ፎርሙላም የእንስሳት ወተትም አማራጭ ነው ብሏል። ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች ግን በብረት እጥረቱ ምክንያት ዓመት ድረስ የላም ወተት ዋና መጠጥ ባይሆን ይላሉ። እስከዚያ ፎርሙላ መግዛት ካቃታችሁ ባለሙያ አማክሩና ምግቡ ላይ እንቁላል፣ ምስር፣ በደንብ የተፈጨ ሥጋ አታጉድሉ።

12 ወር ከሞላ በኋላ 3 ቁጥር አያስፈልግም። የተፈላ፣ ቅባቱ ያልወጣ የላም ወተት በቀን ሁለት ኩባያ ያህል ይበቃዋል። ከዚያ ከበለጠ ሆዱ በወተት ሞልቶ ፍትፍቱን እምቢ ይላል። ለ3 ቁጥር የያዛችሁት ብር እንቁላልና ሥጋ ይግዛበት።