«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»፦ ለማን ይገለጥ?

ባለፈው ወር በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ ተገኝቼ ነበር። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ ጨዋታው ሲደራ፣ ከጥግ ዝም ብላ የተቀመጠች አንዲት ሴት አዩና «ምን ሆነሽ ነው? ተናገሪው እንጂ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ከግራም ከቀኝም ያዟት። መጀመሪያ በፈገግታ ልታልፈው ሞከረች፤ ምሳሌው ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገምባት ግን እንባዋ ቀደማትና የትዳሯን ገመና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አወጣችው። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣ ብሎኛል፤ አያቴ ስትለው እየሰማሁ ያደግሁት ይህ ምሳሌ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሲውል አይቼ አላውቅምና።

ያደግሁት በጎጃም ገጠር ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ ከብት እንድጠብቅ ተልኬ ሳለ፣ እንዳልወጣበት የተከለከልሁት ዋንዛ ላይ ፍሬ ልለቅም ወጣሁና ቅርንጫፉ ተገንጥሎ በቀኝ እጄ ላይ ወደቅሁ። በዚያው መካከል ከብቶቹ የሰው ማሳ ገብተው ስለነበር ጥፋቴ ሁለት ሆነ። የአባቴን አለንጋ ፈርቼ እጄን በጋቢዬ ሸፍኜ ገባሁ፤ ቀን ቀን እየሣቅሁ፣ ሌሊት ሌሊት የጋቢዬን ጫፍ እየነከስሁ አሥራ አንድ ቀን ደበቅሁት። በመጨረሻ ያጋለጠኝ መሶቡ ነው፤ አያቴ በግራ እጄ ስጎርስ አየችኝ። አልተቆጣችም። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ያበጠውን እጄን አየችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ» አለችኝ፤ በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ወጌሻው ይዛኝ ሄደች።

ወጌሻው የአጥንትን ነገር ከአባታቸው የተቀበሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሊያዩ የተሰበሰቡትን ልጆች ሁሉ ወደ ደጅ አስወጡና፣ እኔን ግን ብርሃን ወደሚገባበት ወደ በሩ አስጠግተው አስቀመጡኝ። መቼ እንደወደቅሁ፣ ከምን ላይ እንደወደቅሁ፣ በየትኛው ጎን እንዳረፍሁ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ ስለ ዋንዛውም ስለ ማሳውም ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን የተናገርሁት ለእርሳቸው ነው። እጄን በለብታ ውኃ አጥበው፣ ለጋ ቅቤ ቀብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው አጥንቱን ከክርኔ እስከ አንጓዬ ተከተሉት። ከዚያም «በወደቅህበት ቀን ብትመጣ ኖሮ አንድ ጊዜ ጮኸህ ታበቃ ነበር፤ አሁን ግን ጠሞ ይዞብሃልና የያዘውን መልሼ ማላቀቅ አለብኝ» አሉኝ። ያን ሥቃይ ዛሬም አልረሳውም። እጄ በተላገ ቀርከሃና በተቀደደ ነጠላ ታስሮ ብዙ ሰነበተ፤ አሁንም ክረምት ሲገባ ያችው ቦታ ትጠዘጥዘኛለች።

ብዙ ሰው ይህ ምሳሌ ከእንዲህ ያለው የሕክምና ልማድ የተወለደ ይመስለዋል። እኔ ግን ትውልዱ ከንስሐ ነው ብዬ አምናለሁ። በግእዝ «መድኃኒት» ማለት ከሁሉ አስቀድሞ መዳን፣ ድኅነት ማለት ነው፤ «መድኃኔ ዓለም» ስንልም የዓለም አዳኝ ማለታችን ነው። አማርኛችንም «ዳነ» በሚለው አንድ ቃል ከወባ የተነሣውንም ከኃጢአት የተፈታውንም ይጠራል። እንግዲህ «መድኃኒት የለውም» የሚለውን በዚህ ጆሮ ብንሰማው «መዳን የለውም» ማለት ይሆናል። መጽሐፈ ምሳሌ በ28ኛው ምዕራፍ፣ በ13ኛው ቁጥር፣ ኃጢአቱን የሚሰውር ሰው እንደማይለማ፣ የሚናዘዝባትና የሚተዋት ግን ምሕረት እንደሚያገኝ ይናገራል፤ አካሄዱ ከእኛው አነጋገር ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም አንባቢ ይመልከተው። የነፍስ አባት በየቤቱ እየዞሩ፣ ፊደል ያልቆጠረውን ገበሬ ሲመክሩ፣ ደዌ ነፍስን በሚያውቀው በደዌ ሥጋ እየመሰሉ አስረድተውት፣ እርሱም ያንኑ ለልጁ አውርሶት ይመስለኛል።

ይህን እንዳምን ያደረገኝ ደግሞ አባቴ ነው። እጄ ታስሮ ቤት ስገባ አለንጋውን አላነሣም፤ አጠገቡ አስቀምጦኝ ዳዊቱን መድገም ቀጠለ። ዳዊት ደጋሚ ነበርና ሐሙስ ሐሙስ ከ81 እስከ 110 ያለውን ያደርስ ነበር፤ በዚህም ውስጥ በግእዙ 89ኛ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 90ኛ ሆኖ የተቆጠረው፣ የሙሴ ጸሎት የሚባለው መዝሙር ይገኛል። ትርጉሙን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። መዝሙሩ የሰውን ዕድሜ ጠዋት አብቦ ማታ በሚጠወልግ ሣር ይመስለዋል፤ የተሰወረው ኃጢአታችን በእግዚአብሔር ፊት ብርሃን እንደተቀመጠ ይናገራል፤ ወዲያውም ዘመናችን ሰባ፣ ቢበረታም ሰማንያ ዓመት ነው ይላል። የተሰወረው በደልና የዕድሜ ማጠር ለምን ጎን ለጎን እንደቆሙ ባሰብሁ ቁጥር የወጌሻው ቃል ትዝ ይለኛል፤ ስብራት በተደበቀ ቁጥር እንደጠመመ ይጸናል፣ የሚቃናበት ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ቂም፣ ምቀኝነት፣ በሐሰት የተማለ መሐላ፣ ከድንበር የተገፋ የጎረቤት መሬት እንዲሁ ነው፤ ሰው ሃያ ዓመት ከሸሸገው በኋላ የራሱ አካል ይመስለዋል። እግዚአብሔር ያየውን በደል የሚሸሽገው ሰው የሚያጣው ፈውሱን ብቻ ነው፤ ቀኑም ከእጁ እያለቀ ነው።

አያቴ ይህን ምሳሌ አዘውትራ የምትናገረው ለራሷ ነበር። የዐቢይ ጾም ዋዜማ ሲደርስ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ነፍስ አባቷ ለመሄድ ስትነሣ፣ ደጁ ላይ ቆም ብላ ለራሷ ስታጉተመትመው እሰማት ነበር። ዛሬ ግን «የደበቀ» የሚለው ቃል የሌላውን ሰው ደጅ ማንኳኪያ ሆኗል። የጓደኛን ገመና ለማውጣት፣ ያዘነን ሰው በማኅበር ፊት ለማናዘዝ፣ ይባስ ብሎም የሰውን ምስጢር በቪዲዮ ለሕዝብ ለመበተን ይጠቀሳል። ወጌሻው ልጆቹን ከቤት ያስወጡት በከንቱ አልነበረም፤ የነፍስ አባትም የሰሙትን ምስጢር ለማንም አያወጡም። እኛ ማኅበርተኞች ያቺን ሴት እህቴ ብለን ብንወዳት ኖሮ ጽዋው ካበቃ በኋላ አንዳችን ለብቻዋ አጠገቧ እንቀመጥ፣ ወይም ወደ ነፍስ አባቷ እንሸኛት ነበር። እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም ማለቴ ዛሬም ይከነክነኛል።

አያቴ ልታርፍ ጥቂት ቀን ሲቀራት የነፍስ አባቷን አስጠራች። እሳቸው የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ሲገቡ፣ ልጆቿንም የልጅ ልጆቿንም ሁላችንን ወደ ግቢው እንድንወጣ በእጇ አመለከተችን። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እኛ ግን ከዋርካው ሥር ፀሐዩ እስኪዘቀዘቅ ተቀምጠን ጠበቅን። ያን ቀን ምን እንደተናገረች እስከ ዛሬ ከመካከላችን የሚያውቅ የለም።