የራያንኤር ውጫዊ ዕድሎችና ስጋቶች

ራያንኤር በ1984 በአየርላንድ የተቋቋመ የርካሽ ትኬት አየር መንገድ ሲሆን ዛሬ በመንገደኛ ብዛት ከአውሮፓ አንደኛ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማርች 2025 ላይ በተዘጋው የበጀት ዓመት 200 ሚሊዮን መንገደኞችን አጓጉዟል። የትኬቱ አማካይ ዋጋ 46 ዩሮ ነበር፤ ከሻንጣ፣ ከመቀመጫ ምርጫና አውሮፕላን ውስጥ ከሚሸጠው ደግሞ ከአንድ መንገደኛ 24 ዩሮ ገደማ ያገኛል። በራሱ እጅ ያለውን ወጪ ከረጅም ጊዜ በፊት ጨምቆ ጨርሷል፦ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ አርፎ ለመነሣት 25 ደቂቃ፣ ከከተማ ራቅ ያሉ ርካሽ ኤርፖርቶች። ስለዚህ ከዓመት ዓመት ትርፉን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በአብዛኛው ከደጁ ውጭ ያለ ነገር ነው። ከዚህም ብዙው ለተፎካካሪዎቹ ጉዳት ሆኖ ሲመጣ ለእሱ ገበያ ይከፍታል።

ሕግና ባለቤትነት

ትልቁ ዕድሉ የመጣው ከሕግ ነው። ቀድሞ በአውሮፓ ማን ከየት ወደ የት እንደሚበር የሚወስኑት መንግሥታት ሁለት ለሁለት ተዋውለው ነበር። የ1992ቱ የማሻሻያ ሕግ ይህን አፈረሰው፤ ከኤፕሪል 1997 ጀምሮ የአንዱ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር አየር መንገድ በሌላው አገር ውስጥ እንኳ ከከተማ ከተማ መብረር ቻለ። የአየርላንድ ኩባንያ ከቤርጋሞ ወደ ካታኒያ ጣሊያናውያንን የሚያመላልሰው በዚህ ሕግ ነው። አፍሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ሐሳብ በ1999 በኮትዲቯሯ ያሙሱክሮ ከተማ ተወስኗል፤ የአፍሪካ ኅብረትም በጃንዋሪ 2018 አዲስ አበባ ላይ የጋራ የአየር ትራንስፖርት ገበያውን በይፋ አስጀምሯል። ሆኖም በብዙ መስመሮች ላይ ፈቃዱ አሁንም በሁለት መንግሥታት ስምምነት ነው የሚገኘው። በአህጉራችን ርካሽ አየር መንገድ ሥር ያልሰደደበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

ያው የአውሮፓ ሕግ ግዴታም አለበት፤ የአውሮፓ በረራ ፈቃድ ያለው ኩባንያ ከግማሽ በላይ በአውሮፓ ኅብረት ዜጎች የተያዘ መሆን ይገባዋል። እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ራያንኤር ይህን ግዴታ ለማሟላት ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ ከኅብረቱ ውጭ ያሉ ባለአክሲዮኖች ድምፅ እንዳይሰጡ አግዷል።

ኤርፖርትና ግብር

ትንንሽ ኤርፖርቶች መንገደኛ ይፈልጋሉ፤ ራያንኤርም ብዙ መንገደኛ ለማምጣት ቃል ገብቶ የማረፊያ ክፍያ ያስቀንሳል። አደጋው ክፍያውን የቀነሰው የመንግሥት ኤርፖርት ሲሆን ነው፤ ቅናሹ እንደ ድጎማ ተቆጥሮ ገንዘቡን መልስ ሊባል ይችላል። በ2004 የአውሮፓ ኮሚሽን በቤልጂየሙ የሻርለርዋ ኤርፖርት ውል ላይ እንዲህ ወስኖ ነበር። ፍርድ ቤት ውሳኔውን በ2008 ሻረው፤ ተመሳሳይ ክርክሮች ግን በሌሎች ኤርፖርቶች ላይ ለዓመታት ቀጥለዋል።

የበረራ ግብር ሌላው መመዘኛ ነው። ጀርመን በሜይ 2024 በአጭር ርቀት በረራ ላይ የምታስከፍለውን ወደ 15.53 ዩሮ አሳደገች። ይህ በ300 ዩሮ ትኬት ላይ ብዙም አይታይም፤ በ46 ዩሮ ትኬት ላይ ግን የዋጋውን ሲሶ ያክላል። ሰው ጉዞውን የሚወስነው በዋጋው ርካሽነት ስለሆነ ጭማሪውን ከመንገደኛው መሰብሰብ አይቻልም፤ የሚቀረው አውሮፕላኑን ማንሣት ነው። ራያንኤር ለ2025 የአውሮፓ በጋ ከጀርመን ወንበሮቹ 12 በመቶውን ቀንሶ ዶርትሙንድን፣ ድሬስደንንና ላይፕዚግን ተወ። ስዊድን በተቃራኒው ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ግብሩን ስታነሣ አውሮፕላንና አዳዲስ መስመሮች ጨመረላት። አውሮፕላን ከአገር አገር መዛወር መቻሉ ኩባንያው ከመንግሥታት ጋር ሲደራደር ያለው ትልቁ ጉልበት ነው።

አውሮፕላን አቅራቢው

በአንድ ዓይነት አውሮፕላን መሥራት ሥልጠናንና መለዋወጫን ያረክሳል፤ ዕጣን ግን ከአንድ ፋብሪካ ጋር ያስራል። ራያንኤር በ2014 ያዘዘው ቦይንግ 737 ማክስ 197 ወንበር አለው፤ ከ189 ወንበር በላይ ለመጫን ተጨማሪ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ስለሚያስፈልግ የተለየ ሞዴል ተሠራለት። ከቀድሞው 737 ጋር ሲነጻጸር ነዳጁ 16 በመቶ ያንሳል፣ ወንበሩ በስምንት ይበልጣል። ርክክቡ በ2019 ይጀመራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ማርች 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሞቱ። ከአምስት ወር በፊትም የላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። በዚህ ምክንያት በማክስ ላይ የተጣለው የመብረር እገዳ በአውሮፓ የተነሣው በጃንዋሪ 2021 ነው፤ ራያንኤር የመጀመሪያውን የተረከበው በዚያው ዓመት ጁን ላይ ነበር። የሕዝባችንን ሕይወት የቀጠፈው የዲዛይን ጉድለት የደረሰበት ርቀት በዚህም ይታያል።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። በጃንዋሪ 2024 የአላስካ አየር መንገድ 737 ማክስ በበረራ ላይ የበር መድፈኛው ተገንጥሎ ከወደቀ በኋላ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ የቦይንግን ምርት ገደበ። ራያንኤርም በ2025 መጀመሪያ፣ ማርች 2026 ለሚዘጋው ዓመት የያዘውን የመንገደኛ ዕቅድ ከ210 ሚሊዮን ወደ 206 ሚሊዮን አወረደ። በ2023 ያዘዘው 228 ወንበር ያለው ማክስ 10 ከ2027 ጀምሮ ይጠበቃል፤ ይህ ከተጓተተ በ2034 300 ሚሊዮን መንገደኛ የማድረስ ግቡም አብሮ ይጓተታል።

የአውሮፕላን እጥረቱ ግን ለሁሉም ነው። በ2023 በፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሮች ላይ የብረት ጉድለት ሲገኝ የቅርብ ተፎካካሪው ዊዝ ኤር በርካታ ኤርባሶቹን መሬት ላይ አቆመ። የራያንኤር ሞተሮች ከሌላ አምራች ስለሆኑ አልተነኩም። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜም እንዲሁ፤ መንገደኛው ከ148.6 ሚሊዮን ወደ 27.5 ሚሊዮን ቢያሽቆለቁልም፣ ሌሎች አውሮፕላን ሲቀንሱ እሱ በዲሴምበር 2020 ተጨማሪ 75 ማክስ አዘዘ። አሊታሊያ በ2021 ሲዘጋና ሞናርክ፣ ኤር በርሊንና ፍላይቢ ከዚያ በፊት ሲከስሩ የተዉት ቦታም ወጪው ዝቅተኛ ለሆነ አየር መንገድ ሰፊ ገበያ ነበር።

መዘግየትና ካሳ

አንድ አውሮፕላን በቀን ደጋግሞ ስለሚበር ጠዋት የጠፋች አንዲት ሰዓት እስከ ማታ ትከተለዋለች፤ 25 ደቂቃ ውስጥ ማካካሻ የለም። ማታ የሚዘጋ ኤርፖርት ላይ ከሆነ የመጨረሻው በረራ ጭራሽ ይሰረዛል። በአውሮፓ ሕግ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር በሚሆን በረራ ላይ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ 250 ዩሮ ካሳ ያገኛል። 180 ሰው ሲሆን 45,000 ዩሮ ይወጣል፤ ከትኬቱ በአማካይ ዋጋ የተሰበሰበው 8,280 ዩሮ ብቻ ነው። ካሳው የተወሰነው በርቀት እንጂ በትኬት ዋጋ አይደለምና ርካሹን ይበልጥ ይጎዳል።

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አድማ ከካሳ ነጻ ያደርጋል፤ ምግብ፣ ሆቴልና ምትክ ጉዞ ግን አይቀሩም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2013 በአይስላንዱ የእሳተ ገሞራ አመድ ጉዳይ ይህንኑ በራያንኤር ላይ ፈርዷል። የራሱ ሠራተኛ በማኅበር ያደመ ከሆነ ካሳውም አይቀርለትም። ፈረንሳይ ከስፔንና ከጣሊያን ወደ ሰሜን በሚሄዱት መስመሮች መሃል ስላለች፣ አድማዋ ፈረንሳይን ያልረገጡ በረራዎችንም ያስቆማል፤ ጁላይ 3 እና 4 ቀን 2025 ራያንኤር ከ170 በላይ በረራዎችን ሰርዟል። በጁን 2025 የአባል አገሮች ሚኒስትሮች የካሳውን መነሻ በአጭር በረራ ላይ ከ3 ወደ 4 ሰዓት ለማራዘም ቢስማሙም የአውሮፓ ፓርላማ 3 ሰዓቱን ይዞ ተቃውሟል።

ነዳጅና ካርቦን

ነዳጅ ከወጪው ሁሉ ትልቁ ነው። የሚገዛው በዶላር፣ ትኬቱ የሚሸጠው በአብዛኛው በዩሮ በመሆኑ አብዛኛውን ከወራት በፊት ዋጋ ቆርጦ ይይዛል። ይህ ድንገተኛ ጭማሪን ያዘገያል፤ አያስቀረውም። ከ2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኤርፖርቶች ከሚቀዳው ነዳጅ 2 በመቶው ከተለመደው ብዙ እጥፍ የሚወደድ ንጹሕ ነዳጅ መሆን አለበት፤ በ2030 6 በመቶ፣ በ2050 70 በመቶ ይደርሳል። ለአየር መንገዶች በነጻ ይታደል የነበረው የልቀት ፈቃድም (ካርቦን ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ፈቃድ) በ2024 በሩብ፣ በ2025 በግማሽ ተቀንሶ ከ2026 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በግዢ ሆኗል። የልቀት ክፍያው የሚያርፈው በአውሮፓ ውስጥ በሚደረጉ በረራዎች ላይ ነው፤ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ የሚበር አውሮፕላን አይከፍልም፣ ከቤርጋሞ ካታኒያ የሚበረው ይከፍላል። የራያንኤር በረራ ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ ክልል ውስጥ ስለሆነ ሸክሙ ሙሉ በሙሉ ያርፍበታል፤ ረጅም ርቀት የሚበሩት ትልልቆቹ ግን ብዙው ልቀታቸው ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል።