የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና የተመራቂዎቹ ኤግዚቢሽን

አዲስ አበባ ውስጥ ሥዕል የሚታይበት ቦታ ጥቂት አይደለም። የቦሌ ጋለሪዎች አሉ። የውጭ ሀገር የባህል ማዕከላት አሉ። የሆቴሉና የባንኩ ግድግዳም አለ። «ሥዕል የት ልይ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ግን መልሴ አንድ ነው፦ ክረምቱ ሲቃረብ ወደ አለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግቢ ሂድ። የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ተመራቂዎቹ የመጨረሻ ሥራቸውን ይሰቅላሉ። በሩም ለማንም ክፍት ይሆናል።

ሙሉ ስሙ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። የሚገኘው በአምስት ኪሎና በስድስት ኪሎ አካባቢ ሲሆን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ብዙ ሰው ግን ዛሬም «አርት ስኩል» ነው የሚለው። ለታክሲ ረዳት ሙሉ ስሙን ከምትነግሩት አምስት ኪሎ ወርዳችሁ በእግር ብትጠይቁ ይቀላችኋል።

የተመሠረተው በ1950 ዓ.ም. ነው። መሥራቹ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ጋሽ አለ የሰላሌ ፍቼ ሰው ሲሆኑ ሥዕል በቤተሰባቸው የነበረ ሙያ ነው። አሜሪካ ሄደው ቺካጎ ሥነ ጥበብ ተማሩ። ሲመለሱ ያወቁትን ለራሳቸው ይዘው አልተቀመጡም። ትምህርት ቤቱን አቋቁመው እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ መሩት። በ2008 ዓ.ም. አረፉ። ስማቸው በሕይወት እያሉ ለትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። እኛ ሀገር ብዙ ጊዜ ሰው የሚከበረው ከሞተ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት ሥዕል የሚማረው በሌላ መንገድ ነበር። ልጅ ከአባቱ፣ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ሥር ተቀምጦ ነው። ቀለም ይበጠብጣል፣ ግድግዳ ያዘጋጃል፣ የቅዱሳኑን መልክ ደጋግሞ ይገለብጣል። ከዓመታት በኋላ ፊት እንዲሥል ይፈቀድለታል። የሚሥለውም እንደ ሥርዓቱ ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይታያል። ስሙን የማይጽፍ ሠዓሊም ብዙ ነበር። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገብቶ ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

ወደ ውጭ ሄደው የተማሩ ሠዓሊዎችም ከትምህርት ቤቱ በፊት ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ፓሪስ የተላኩት አገኘሁ እንግዳ አንዱ ናቸው። አፈወርቅ ተክሌም ለንደን ተምረው መጥተዋል። የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የሠሩት እሳቸው ናቸው። ግን እነዚህ አንድ ሁለት ተብለው የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ጋሽ አለ ያመጡት ለውጥ ሀገር ቤት ያለ፣ ያለ ቤተሰብ ሙያና ያለ ውጭ ዕድል የቀረ ልጅ የሚገባበት በር ነው። የገባው ልጅ ደግሞ ሲወጣ የራሱን ስም ሥዕሉ ሥር ይጽፋል። የዓመቱ ኤግዚቢሽን ትርጉም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይህ የእኔ ነው፤ እኔ እንዲህ አያለሁ» ብሎ በሕዝብ ፊት የሚቆምበት ቀን ነው።

ትምህርት ቤቱ ገና ልጅ እያለ ድንቅ መምህራን አግኝቷል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሐረር ልጅ ናቸው። ጀርመን ኮሎኝ ተምረው ሲመለሱ እዚህ ማስተማር ጀመሩ። ይዘውት የመጡት ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ሰውን ለሁለት ከፈለ። «ይህ የኛ አይደለም» ያለ ነበር፤ «ምኑ ነው ሥዕሉ?» ያለም ነበር። እሳቸው ግን አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀበሉ። ገጣሚም ነበሩ። የግጥማቸው ስንኝ ዛሬም በወጣቱ አፍ ላይ አለ። በመጨረሻ ከሀገር ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ አረፉ። ሥዕሎቻቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ከጀርመን መጥተው እዚያው ሰፈር፣ በስማቸው በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገቡ። ያስተማሩበት ሰፈር ተመልሰው ገቡ ማለት ነው።

ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ መጥተው እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ጥቂት ዓመት አስተምረዋል። የቆዩበት ጊዜ አጭር ነው፤ ያሳደሩት ተጽዕኖ ግን እስካሁን አላለቀም። የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል፣ የጠልሰሙንና የብራናውን ነገር ከዘመናዊው ጋር አንድ ሸራ ላይ ማገናኘት እንደሚቻል አሳዩ። የሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታን ሥራ ያየ ሰው ይህ መንገድ ወዴት እንደደረሰ ይገባዋል። የኅትመት ጥበብን በተመለከተ ደግሞ ሀንሰን ባሂያ የሚባሉ ጀርመናዊ በዚያው ዘመን እንጨት እየፈለፈሉ ማተምን አስተምረዋል። ዛሬ ኤግዚቢሽኑ ላይ ጥቁርና ነጭ የእንጨት ኅትመት ስታዩ የእሳቸውን እጅ አስቡ።

ሴቶች በዚያ ዘመን ጥቂት ነበሩ። ደስታ ሐጎስ እዚህ ተምረው በሀገሪቱ የግል ኤግዚቢሽን ካሳዩ የመጀመሪያ ሴቶች ተርታ ተሰልፈዋል። አሁን ስቱዲዮዎቹ ውስጥ የሴቶቹ ቁጥር ጨምሯል። ይብቃ ግን አልልም።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ሆነ። ሠዓሊው ፖስተር፣ መፈክርና የአደባባይ ምስል እንዲሠራ ተፈለገ። ረቂቅ ሥዕል የሚወደድበት ጊዜ አልነበረም። ብዙ ተማሪ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደ። ታደሰ መስፍንና እሸቱ ጥሩነህ ከነዚህ ናቸው። ሁለቱም የሰው አካልን አጥብቆ የማጥናት ልምድ ይዘው መጡ። እሸቱ የወሎን ረሃብ ተጎጂዎች የሣሉት ሥዕል የረሃቡን ዘመን ሳይጮህ ይናገራል። ታደሰ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት አስተምረዋል። የጉልት ሴቶችን በሚሥሉበት ሥራቸው ላይ ሴቶቹ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚሸጡ እናቶችን እንዲህ ያከበረ ሥዕል እኔ አላየሁም።

ከታደሰ ተማሪዎች አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ፣ በጣሊያን በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን፣ የራሷ ማሳያ ቦታ (ፓቪሊዮን) ሲኖራት እሷን ወክሎ የቀረበው እሱ ነበር። ኤልያስ ስሜም የዚሁ ቤት ምሩቅ ነው። የተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን፣ ሽቦና የኮምፒውተር ሰሌዳን ለዓመታት እየሰበሰበ የሚሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች የዓለም ሙዚየሞች ገብተዋል። ሁለቱም አንድ ወቅት የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሥራቸውን ሰቅለው «ሰው ምን ይላል?» ብለው የቆሙ ልጆች ነበሩ።

ትምህርት ቤቱ በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። በእስክንድር ቦጎሲያን ስም በተሰየመው ኮሌጅ ሥርም ቆይቷል። ዲግሪ ይሰጣል። ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ግራፊክስ፣ ኢንዱስትሪያል ዲዛይንና የሥነ ጥበብ መምህርነት የመሳሰሉ ዘርፎች አሉት። ለመግባት ማትሪክ ብቻውን አይበቃም። የእጅ ፈተና አለ። ወረቀትና እርሳስ ይዘህ ትቀመጣለህ፤ ፊትህ ያለውን ትሥላለህ። ያ ሰዓት ብዙ ልጅ የሕይወቱን አቅጣጫ የሚያገኝበት ወይም የሚያጣበት ነው።

አሁን ወደ ኤግዚቢሽኑ ልግባ።

ዝግጅቱ ወራት ይፈጃል። ተመራቂው አንድ ሐሳብ ይመርጣል፤ መምህራኑ ፊት ያቀርበዋል፤ ይከራከርበታል። ከዚያ ሥራው ይጀመራል፤ ወጪውም አብሮ ይጀምራል። ከውጭ የሚመጣ ሸራ ለተማሪ ኪስ አይቀመስም። ስለዚህ መርካቶ ይወርዳል። አቡጀዲ በሜትር ይገዛል። እንጨት አስቆርጦ ፍሬም ይመታል፣ አቡጀዲውን ይወጥራል፣ ኮላ ከነጭ ቀለም ጋር በጥብጦ ይቀባዋል። እስኪደርቅ ጠብቆ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል። ደግሞ ይቀባዋል። ቀራፂው ጀሶ ይሸከማል ወይም ምናለሽ ተራ ሄዶ ቁርጥራጭ ብረት ይለቅማል። አንዳንዱ ሥራ የመጣበትን ገበያ ቀለምና ጠረን ይዞ ነው አዳራሽ የሚገባው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ጥበብ ለምን ይህን ያህል ከጨርቅ፣ ከቆርቆሮና ከተጣለ ዕቃ ጋር እንደተዋደደ ለሚጠይቅ ሰው ግማሹ መልስ ይህ ይመስለኛል። ግማሹ ፍልስፍና ነው፤ ግማሹ የኪስ ጉዳይ ነው።

የመክፈቻው ቀን የተለየ ነው። ስቱዲዮዎቹ ራሳቸው ጋለሪ ይሆናሉ። ዓመቱን ሙሉ ቀለም የፈሰሰበት ወለል ተፈግፍጎ፣ ግድግዳው ነጭ ተቀብቶ ይጠብቃችኋል። የተርፐንታይኑ ሽታ ግን አይለቅም። ተመራቂው አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሩ ሥር ግን ቀለም አለ። መምህራን፣ የጋለሪ ሰዎች፣ የኤምባሲ ሰዎች፣ ጋዜጠኞችና የቀድሞ ተማሪዎች ይመጣሉ። ከሁሉም በላይ ግን ቤተሰብ ይመጣል።

አንድ ጊዜ ያየሁትን አልረሳም። ነጠላ የለበሱ እናት ከልጃቸው ሥዕል ፊት ቆመዋል። ሥዕሉ ረቂቅ ነው። ቡናማና ግራጫ፣ መሐሉ ላይ አንድ ቀጭን ቢጫ መስመር። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው፣ «ይሄ የቤታችን በር አይደለም? ጠዋት ብርሃን የሚገባበት?» አሉት። ልጁ ፊቱን አዞረ። እንባ ይዞት ነበር። ገብረ ክርስቶስን «ምኑ ነው ሥዕሉ?» ያሏቸው ሰዎች እኒህን እናት ቢያገኙ ምን ይሉ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄዱ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ሠዓሊው አብዛኛውን ጊዜ ሥራው አጠገብ አለ። አትፍሩት፤ ጠይቁት። «ምን ለማለት ነው?» ከሚለው ይልቅ «እንዴት ሠራኸው?» የሚለው ጥያቄ ጥሩ ጨዋታ ይከፍታል። የግራፊክስ (የኅትመት) ክፍሉን ሳታዩ አትውጡ። ብዙ ሰው ትልልቁን ሸራ አይቶ ይሄዳል፤ ኅትመት ክፍሉ ግን ትንንሽ ድንቅ ነገሮች አሉት፤ ዋጋቸውም ይቀላል። ለመግዛት ካሰባችሁ ከተማሪ ጋር በዋጋ አትከራከሩ። ያ ብር የቀጣዩ ሥራ አቡጀዲና ቀለም ነው።

ጊዜ ካላችሁ ቀኑን ሙሉ እዚያው ሰፈር ዋሉ። ጠዋት አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ግቡ። ሰው ሁሉ ወደ ሉሲ ይሮጣል፤ እናንተ የሥዕል ክፍሉንም እዩ። ከዚያ የገብረ ክርስቶስ ሙዚየም፣ በመጨረሻ የልጆቹ ኤግዚቢሽን። በዚህ ቅደም ተከተል ስታዩት ማን ከማን እንደተማረ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ራሱ ይነግራችኋል። ይህን ሁሉ በእግር ማዳረስ የሚቻልበት ሌላ የከተማችን ሰፈር አላውቅም።

ከምረቃ በኋላ ያለው ኑሮ ከባድ ነው። አንዳንዱ በጋራ ስቱዲዮ ይከራያል። አንዳንዱ ማስታወቂያ ድርጅት፣ ፊልም ወይም ትምህርት ቤት ይገባል። የኢትዮጵያ ሠዓሊያንና ቀራፅያን ማኅበር አባል ሆኖ በቡድን ኤግዚቢሽን የሚሳተፍም አለ። ዕድለኛው ከጋለሪ ጋር ይሠራል። እኔን ሁሌም የሚቆጨኝ ግን የሥራዎቹ ዕጣ ነው። ከየዓመቱ ምርጥ ሥራዎች ጥቂቱን እንኳ በቋሚነት እየገዛ፣ መዝግቦ የሚያስቀምጥ የሕዝብ ስብስብ ያስፈልገናል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ስለ አንድ ታላቅ ሠዓሊ ስንጽፍ የመመረቂያ ሥራው የት ነው ብለን መፈለጋችን አይቀርም። ያኔ የውጭ ሀገር ሳሎን ውስጥ ባናገኘው ጥሩ ነው።

ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ሚስማሩ ይነቀላል፣ ሸራው በፒካፕ ተጭኖ ይሄዳል። ከባዱ ቅርጻ ቅርጽ ግን ሁሌ አይሄድም። የሚያነሳው መኪና ወይም የሚያስቀምጠው ቤት ያላገኘ ተመራቂ ግቢው ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ይተወዋል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ይመታዋል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ሣር ይከበዋል። በመስከረም አዲስ የገቡት ተማሪዎች ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡና ፊቱ ተቀምጠው ንድፍ ይለማመዱበታል።