በፍቺ ክርክር «ገቢ የማግኘት አቅም» ምንድን ነው?

ባልና ሚስት ሲፋቱ ፍርድ ቤት ቀለብ የሚቆርጠው ኪስ የገባውን ገንዘብ ብቻ አይቶ አይደለም፤ ሠርቶ ሊያገኝ ሲችል ያላገኘው ገቢም ሊቆጠርበት ይችላል። በሕግ አነጋገር «ገቢ የማግኘት አቅም» የሚባለው ይኸው ነው። በአሜሪካ የቤተሰብ ሕግ በየግዛቱ ስለሚለያይ፣ እዚህ የምንመለከተው ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን የካሊፎርኒያን አሠራር ነው።

የግዛቲቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 4058 የልጅ ቀለብ ሲወሰን ዳኛው ለልጆቹ የሚበጅ ሆኖ ካገኘው በወላጁ ትክክለኛ ገቢ ምትክ አቅሙን መሠረት እንዲያደርግ ይፈቅድለታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ሬግነሪ በተባለው ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አቅምን በሦስት ነገሮች መዘነው፤ እነሱም የመሥራት ችሎታ፣ ፈቃደኝነትና የሥራ ዕድል ናቸው። በ1995 የተወሰነው የፓዲያ ጉዳይ ደግሞ ወላጁ ሥራ የተወው ቀለብ ለመሸሽ ሲል መሆኑን ማስረዳት እንደማያስፈልግ አረጋገጠ። ስለዚህ ክርክሩ ዛሬ በአመዛኙ የሚያጠነጥነው በችሎታና በዕድል ላይ ሲሆን፣ የማስረዳት ሸክሙም «ሠርቶ ማግኘት ይችላል» ባዩ ወገን ላይ ነው።

ሁለቱ ተለይተው ካልታዩ ስሌቱ ይዛባል። ለምሳሌ ኢትዮጵያ ውስጥ በነርስነት ተመርቃ፣ ከ14 ዓመት ትዳሯ 12ቱን በካሊፎርኒያ ልጆች በማሳደግ ያሳለፈች ሴት እናስብ። የባል ጠበቃ የሎስ አንጀለስ ነርሶችን ደመወዝ ይዞ ቢቀርብ ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የእሷ አቅም ግን አይደለም። ዲግሪዋ በግዛቲቱ የነርሶች ቦርድ ካልተገመገመ፣ የፈቃድ ፈተናውንም ካላለፈች፣ በነርስነት የሚቀጥራት ሆስፒታል የለም። ዛሬ ልትቀጠር የምትችለው ምናልባት በአረጋውያን ተንከባካቢነት ነው። በእኔ እይታ በወገኖቻችን ክርክር በብዛት የሚሳተው ይህ ነው፤ ዲፕሎማ ሲታይ ደመወዝ የታየ ይመስላል።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለማጥራት በአንቀጽ 4331 መሠረት፣ በቂ ምክንያት ሲቀርብ፣ ፍርድ ቤቱ አንደኛውን ወገን በሙያ አማካሪ እንዲመረመር ሊያዝ ይችላል። አማካሪው ዕድሜን፣ ጤናን፣ ትምህርትን፣ የሥራ ልምድንና በወቅቱ በገበያው ያለውን ክፍት ሥራ አገናዝቦ አስተያየቱን ያቀርባል።

አቅም ግን ሰው እስኪዝል የሚሠራበት ልክም አይደለም። በትዳር ዘመኑ ታክሲ በቀን 16 ሰዓት ሲነዳ የነበረ ሰው ወደ መደበኛ ሰዓት ስለተመለሰ ብቻ የድሮው ገቢ እየተቆጠረበት አይኖርም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 በሲምፕሰን ጉዳይ መለኪያው ከልክ ያለፈ ሳይሆን ምክንያታዊ የሥራ ጫና መሆን እንዳለበት ወስኗል። ከምክንያታዊው በታች ካወረደው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ለትዳር ጓደኛ የሚከፈለው ቀለብ የሚታየው በአንቀጽ 4320 ሲሆን፣ ጠያቂዋ በቤት ሥራ ምክንያት ከሥራ ዓለም ርቃ መቆየቷ ምን ያህል እንደጎዳት፣ ሙያዋን ለማደስ የሚፈጀው ጊዜና ወጪም ከግምት ይገባል። ሕጉ ራስን ለመቻል ተገቢ ነው የሚለው ጊዜ በአብዛኛው የትዳሩ ዕድሜ ግማሽ ነው፤ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ትዳር ግን እንደ ረጅም ትዳር ስለሚቆጠር በዚህ ልክ አይታሰርም። ያም ሆኖ ዳኛው «ራስሽን ለመቻል ተገቢውን ጥረት አድርጊ» ብሎ ሊያስጠነቅቃት ይችላል፤ ይህ በ1988ቱ ጉዳይ ስም የጋቭሮን ማስጠንቀቂያ ይባላል። ከማስጠንቀቂያው በኋላ ጥረት ካላደረገች ቀለቡ እንዲቀነስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያቺ ነርስ ያመለከተችባቸውን ሥራዎች ዝርዝር፣ የፈተና ክፍያ ደረሰኞችንና ከቦርዱ የተላኩላትን ደብዳቤዎች ማስቀመጥ ያለባት ማስጠንቀቂያው ከተሰጣት ቀን ጀምሮ ነው።