ሀብታም መብዛት ሌላ፣ አገር ማደግ ሌላ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ከላይ ያለው 1 በመቶ ሕዝብ ከአገሩ የግል ሀብት ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ይዟል። የታችኛው ግማሽ ሕዝብ ድርሻ ተደማምሮ 3 በመቶ አይሞላም። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ይቺ አገር በምን ሒሳብ ነው አደገች የምትባለው?» ቢል አይፈረድበትም። ግራ የምንጋባው ሀብታም መብዛቱን፣ አገር ማደጉንና ሀብት መከፋፈሉን በአንድ ጆንያ ስለምንከታቸው ነው።

«ቢሊየነር የበዛበት አገር ያደገ ነው»

ሕንድ ከመቶ በላይ የዶላር ቢሊየነሮች አሏት። የነፍስ ወከፍ የዓመት ገቢዋ ግን 3 ሺህ ዶላር አይደርስም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሀብታሙን ግቢ እንይ። በድሃ አገር ባለጸጋው ቤት መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል። ውሃው ከራሱ ጉድጓድ ነው። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። ሲታመም አውሮፕላን ይሳፈራል። ለሁሉም ሊዳረስ የሚገባውን ነገር ለብቻው ገዝቶ፣ አጥሩ ውስጥ ትንሽዬ አገር አቋቁሟል። ባደገ አገር ግን የባንክ ሥራ አስኪያጁም፣ ቢሮውን የምታጸዳለት ሴትም ማታ ቤታቸው ገብተው ቧንቧ ሲከፍቱ የሚወርደው ውሃ አንድ ነው። ደመወዛቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል።

እርግጥ ሁሌም እንዲህ አይሆንም። የአሜሪካዋ ፍሊንት ከተማ በ2014 የውሃ ምንጯን ቀይራ ነዋሪዎቿ እርሳስ ያለበት ውሃ ሲጠጡ ቆይተዋል። ጉዳዩ ዓለምን ያነጋገረው ግን እዚያ አገር ይሆናል ተብሎ ስላልተጠበቀ ነው። ስንት ቦታ የተበከለ ውሃ ዜና እንኳ አይሆንም!

«የነፍስ ወከፍ ገቢ ከፍ ካለ ሕዝቡ ደህና ይኖራል»

አሥር ሰዎች እንውሰድ። ዘጠኙ መቶ መቶ ዶላር ያገኛሉ፤ አሥረኛው 9,100። በአማካይ ሲሰላ እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ዶላር አላቸው። ዘጠኙን ጠይቋቸው እስቲ፣ አንድ ሺህ ዶላር አይተው ያውቁ እንደሆነ።

ኢኳቶሪያል ጊኒ ነዳጅ አግኝታ ለተወሰኑ ዓመታት በዓለም ባንክ የከፍተኛ ገቢ አገሮች ምድብ ገብታ ነበር። አብዛኛው ሕዝቧ ግን ከድህነት አልወጣም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። በተቃራኒው፣ ገቢዋ ከአሜሪካ በጣም የሚያንሰው ኮስታ ሪካ በዕድሜ ጣሪያ ከአሜሪካ አታንስም። በ1948 ሠራዊቷን አፍርሳ ገንዘቧን ወደ ጤናና ትምህርት ማዞሯ አግዟታል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ1990 ጀምሮ ገቢን ከዕድሜና ከትምህርት ጋር አዋህዶ የሚለካው ለዚህ ነው። በ2010 ደግሞ በሕዝቡ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ከአገሩ ነጥብ የሚቀንስ ሌላ መለኪያ ጨምሯል።

«እኩልነት ካለ አገሩ አድጓል»

ዩክሬን ከጦርነቱ በፊት የገቢ ልዩነቷ በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ምድቧ ግን ያኔ ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ነበር። አብሮ መቸገርም እኩልነት ነው።

የስዊድን ነገር ይበልጥ ይገርማል። በገቢ በኩል ልዩነቱ ጠባብ ነው። በሀብት በኩል ግን፣ ማለትም ቤት፣ አክሲዮንና ተቀማጭ ሲቆጠር፣ ጥቂቶች እጅ የተከማቸው እጅግ ብዙ ነው። አንዱ ምክንያት ተራው ሰው ለክፉ ቀን ብዙ ማጠራቀም አለማስፈለጉ ነው። ጡረታ አለው፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ በነጻ ይማራል፤ ሕክምናው ኪሱን አያራቁትም። ባንክ ደብተሩ ላይ ምንም የሌለው ሰው እንቅልፉን ይተኛል። ስለዚህ «የሀብት ልዩነት» የሚል ቁጥር ስታዩ የገቢ ነው ወይስ የንብረት ብላችሁ ጠይቁ።

«የድሃ አገር ሰው ድሃ የሆነው ስለማይሠራ ነው»

ይሄኛው በግሌ ያናድደኛል። ሁለት ጸጉር አስተካካዮች አስቡ፤ አንዱ ሀብታም አገር፣ ሌላው ድሃ አገር። መቀሱ ያው፣ ግማሽ ሰዓቱም ያው። አንዱ ግን ለአንድ ራስ የሚቀበለውን ሌላው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ላያገኘው ይችላል። ልዩነቱ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ነው። ደንበኛው መብራት በማይጠፋበት ፋብሪካ፣ ዕቃ በሰዓቱ በሚያደርስ መንገድ፣ ውል ሲፈርስ በሚዳኝ ፍርድ ቤት መካከል ስለሚሠራ ብዙ ያመርታል፤ ብዙም ይከፍላል።

«ማን እንዳደገ የሚወስን አንድ ዳኛ አለ»

የለም። በዓለም ንግድ ድርጅት አገሮች «በማደግ ላይ ነኝ» የሚሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሲንጋፖር እንኳ እንዲያ ስትባል ኖራለች። የዓለም ባንክ በገቢ ይመድባል፤ ክፍፍሉ ግን አይታየውም።

«ልዩነቱ መጀመሪያ ይሰፋል፣ አገር ሲያድግ በራሱ ይጠባል»

ሐሳቡን በ1955 ያነሳው የኢኮኖሚ ምሁሩ ሳይመን ኩዝኔትስ ነው። እሱ ራሱ ጽሑፉ 5 በመቶ መረጃ፣ 95 በመቶ ግምት መሆኑን አልደበቀም። ደቡብ ኮሪያና ታይዋን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መጀመሪያ መሬት አከፋፈሉ፤ ልዩነቱ ብዙም ሳይሰፋ በፍጥነት አደጉ። አሜሪካ ደግሞ ካደገች ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ፣ ልዩነቷ ሰፋ። ብራዚል በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን በፍጥነት አደገች፤ ልዩነቱ ግን ባሰበት። መጥበብ የጀመረው ቆይቶ ነው፤ ለዚህ ካገዙት አንዱ በ2003 የተጀመረው የድጎማ ፕሮግራም ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ከሄደና ክትባቱን ከወሰደ ቤተሰቡ በየወሩ ገንዘብ ያገኛል። የክፍያው ካርድ በአብዛኛው የሚወጣው በእናትየው ስም ነው።