ዲጂታይዝ ማድረግ ምንድን ነው? ፎቶ እንዴት ጥልፍ ይሆናል

በምረቃ ሰሞን ጅማ ውስጥ ጥልፍ ቤት ጎራ ያለ ሰው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳይና "ይሄን ጋቢው ላይ አውጡልኝ፣ ከሥሩ ስሟን ጻፉበት። ለነገ ይደርሳል?" ይላል። ጋቢው አለ፣ ክሩ አለ፣ መኪናውም አለ። ታዲያ ለምን "ለነገ አይደርስም" እንደሚባል፣ ከጥልፉ ዋጋ ሌላ ለምን የዲዛይን ተብሎ እንደሚጠየቅ ለብዙ ሰው ግልጽ አይደለም። ጊዜውንም ገንዘቡንም የሚወስደው ዲጂታይዝ ማድረግ የሚባለው ሥራ ነው።

ዲጂታይዝ ማድረግ ማለት አንድን ሥዕል፣ አርማ ወይም ስም የጥልፍ መኪና ሊሰፋው ወደሚችል የስፌት ትእዛዝ መለወጥ ነው። ፎቶው ስልክ ላይ የቱንም ያህል ቁልጭ ብሎ ቢታይ ለመኪናው ምንም አይነግረውም። በኮምፒውተር ጥልፍ መርፌዋ እዚያው ባለችበት ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ የሚንቀሳቀሰው ጨርቁ የተወጠረበት ፍሬም ነው። ስለዚህ መኪናው የሚፈልገው "ፍሬሙን ወደዚህ ይህን ያህል ሚሊሜትር ውሰድ፣ ውጋ፣ አሁንም ውሰድ፣ እዚህ ጋ ክር ቁረጥ፣ እዚህ ጋ ለቀለም ቅያሪ ቁም" የሚል ረጅም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ክሩ በየት አቅጣጫ እንደሚተኛ፣ የትኛው ክፍል ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደሚሰፋ አንድ በአንድ ይወስናል። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ንድፉ ስድስት እጥፍ ተልቆ ወረቀት ላይ ይሣልና እያንዳንዱ ስፌት እየተለካ በወረቀት ጥቅል ላይ በቀዳዳ ይመዘገብ ነበር።

የስፌቱ ዓይነት በመሠረቱ ሦስት ነው። ተራው ስፌት ለቀጭን መስመር ይሆናል። ሳቲን የሚባለው ክሩ ከዳር ዳር እየተመላለሰ ጥቅጥቅ ብሎ የሚተኛበት ነው፤ በስም ጥልፍ ላይ የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። ወርዱ ከ7 ሚሊሜትር ብዙ ካለፈ ግን ክሩ ይላላል፣ በቀለበትና በአዝራር ይያዛል። ሰፊ ቦታ በሙሌት ስፌት ይሸፈናል። በተለመደው 40 ቁጥር ክር በመስመርና በመስመር መካከል የሚተወው ርቀት 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በጣም ሲጠብ ጥልፉ እንደ ካርቶን ይደርቃል፣ ጨርቁም በመርፌ ብዛት ሊቀደድ ይችላል። ርቀቱ በጣም ሲበዛ ደግሞ ጨርቁ በመሐል እያሾለቀ ይታያል።

የባለሙያው ችሎታ የሚለየው ግን ጨርቅ እንደሚሸሽ በማወቁ ነው። እያንዳንዱ ስፌት ሲጠብቅ ጨርቁን በክሩ አቅጣጫ ወደ ውስጥ ይስባል። ኮምፒውተር ላይ ልክክ ያለ ክብ ሠርታችሁ ክሩን በአግድም ብታስተኙት ጨርቁ ላይ የሚወጣው ከጎንና ከጎን የጠበበ እንቁላል ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ክቡን ሆን ብሎ ወደ ጎን ትንሽ ያሰፋዋል፤ ስክሪኑ ላይ የተበላሸ መስሎ የሚታየው ጨርቁ ላይ ሲደርስ ይስተካከላል። ከዋናው ጥልፍ በፊት ደግሞ ከሥር ሳሳ ያለ መሠረት ይሰፋል። ይህ መሠረት ጨርቁን ከሥሩ ከሚደረገው ደጋፊ ወረቀት ጋር አጣብቆ ይይዛል፣ የላዩንም ክር ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከታጠበ በኋላ የሚጨማደድና ዳሩ የሚሸሽ ጥልፍ ስታዩ፣ ብዙውን ጊዜ ይህ መሠረት የተዘለለበት ወይም ደጋፊው ለጨርቁ የማይስማማ ነው።

ጋቢ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የእጅ ሽመና ነው፣ ለስላሳና ልል ነው፤ አራት ድርብ ስለሆነ ድርቦቹ እርስ በርሳቸው ይንሸራተታሉ። በስስ ካናቴራ ላይ ያማረው ያው ፋይል ጋቢ ላይ ሲሰፋ ቀጭን ቀጭኑ መስመር ጥጡ ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል። ለጋቢ የሚሆን ፋይል መሠረቱ ጠንከር፣ መስመሩ ወፈር ይላል። ከላይ በውኃ የሚሟሟ ስስ ፕላስቲክ ይደረግበታል፣ ድርቦቹም አስቀድመው ዙሪያውን በሰፊ ስፌት ይያያዛሉ። ፎጣና የሕፃን ብርድ ልብስም ከጋቢ ብዙም አይለዩም።

ወደ ስም ስንመጣ የእኛ ፊደል የተለየ እንክብካቤ ይፈልጋል። ጅማ ላይ አንዱ ደንበኛ በቁቤ፣ ሌላው በአማርኛ ያስጽፋል፤ ለአንድ ሠርግ ሁለቱንም ጎን ለጎን የሚያዝም አለ። ለቁቤ ነገሩ ይቀላል፣ ብዙዎቹ መኪኖች የላቲን ፊደል ተዘጋጅቶላቸው ነው የሚመጡት። የአማርኛው ግን መሠራት አለበት። "ቤቴልሔም" የሚለውን ስም ተመልከቱ። ቤ፣ ቴ፣ ሔ ሦስቱም እግራቸው ላይ ትንሽ ቀለበት አላቸው። ፊደሉ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ከፍታ ካለው የቀለበቷ ቀዳዳ ከ1 ሚሊሜትር ብዙ አትበልጥም፤ ክሩ ከግራም ከቀኝም ሲገባባት ትደፈንና ቤ የነበረው ነጥብ የተንጠለጠለበት በ ይመስላል። ጎበዝ ባለሙያ ቀለበቷን ከፊደሉ መጠን በላይ ያሰፋታል፣ እግሩን በትንሹ ያቀጥነዋል፣ ወይም "ይህ ስም ከ2 ሴንቲሜትር ባያንስ ይሻላል" ብሎ በግልጽ ይነግራችኋል። እንዲህ የሚላችሁን ሰው እመኑት።

ሥዕልም እንደዚያው ነው። ከጅማ ለሚሄድ እንግዳ የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ትራስ ላይ ማስጠለፍ ግሩም ስጦታ ነው፤ እኔ ከቡና ፍሬው ሥዕል ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ነገር ግን 10 ሴንቲሜትር ወርድ ላይ የሰገነቱን የእንጨት ርብራብ አንድ በአንድ ማውጣት አይቻልም፣ ክሩ ራሱ ከርብራቡ ይወፍራል። ባለሙያው ጣሪያውን፣ ሰገነቱንና የመስኮቶቹን ረድፍ ይዞ ሌላውን ይተወዋል። የሚተወውን መምረጥ ዓይን ይጠይቃል። ፎቶ ሲሰጡት በአንድ ጠቅታ ስፌት አደርጋለሁ የሚሉ ፕሮግራሞች እስካሁን በደንብ ያልቻሉትም ይህንኑ ነው፤ ያገኙትን ጥላና ነጠብጣብ ሁሉ ስፌት ያደርጉታል። መማር ለሚፈልግ ኢንክስቲች የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። እዚያ ላይ በእጅ እያንዳንዱን መስመር እያበጁ መጀመር ይሻላል።

ዲጂታይዝ የሚደረገው አንድ ጊዜ ነው። ፋይሉ ካለ ሠላሳ መሐረብም ቢታዘዝ ዳግም የዲዛይን ክፍያ ሊኖር አይገባም፤ ስለዚህ ሲያዙ ፋይሉ የማን እንደሚሆን ቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ብዙ መኪኖች የሚያነቡት ዲኤስቲ የሚባለው የፋይል ዓይነት የክሩን ቀለም አይዝም፣ ለቅያሪ የሚቆምበትን ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው። ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ሌላ ቤት ስትሄዱ የቀለሙን ቅደም ተከተል በወረቀት አስጽፉ፣ አለበለዚያ ቀዩ በአረንጓዴ ቦታ ሊወጣ ይችላል። መጠን መቀየርም ገደብ አለው። ከ10 ወይም ከ20 በመቶ በላይ ማሳደግ ወይም ማሳነስ ካስፈለገ ለደረት ኪስ የተሠራውን ለጃኬት ጀርባ ከመለጠጥ እንደገና ማሠራት ይሻላል። ዋናው ጋቢ ፍሬም ላይ ከመውጣቱ በፊትም በተመሳሳይ ጨርቅ ቁራጭ ላይ አንድ ጊዜ ተሰፍቶ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።