ቤት የገባው ውሃ፦ ኢንሹራንስ የቱን ይከፍላል?

አሜሪካ ውስጥ የቤት ኢንሹራንስ ካላችሁ፣ ክፍያውን የሚወስነው ውሃው በየት በኩል እንደገባ ነው። ነፋስ ጣሪያ ገንጥሎ ዝናብ ከገባ ወይም ቧንቧ በድንገት ከፈነዳ፣ መደበኛው ውል አብዛኛውን ጊዜ ይከፍላል። ከውጭ መሬት ላይ ሞልቶ በበር ወይም በቤዝመንት መስኮት የገባው ግን ጎርፍ ነው፤ አይሸፈንም። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል። የፌዴራሉ ፕሮግራም ለአንድ መኖሪያ ቤት እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል፤ የዕቃው ሽፋን ግን በተናጠል መገዛት አለበት። ውሉ ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ እባካችሁ ማዕበል እስኪታወጅ አትጠብቁ።

ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ፣ እንደየውሉ ይለያያል። ለነፋስ 2 በመቶ ከተባለ፣ በ400,000 ዶላር ኢንሹራንስ ለተገባለት ቤት የመጀመሪያውን 8,000 ዶላር የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

መኪና ላይ ጎርፍም የወደቀ ዛፍም በኮምፕሪሄንሲቭ (ከግጭት ውጭ በራሳችሁ መኪና ላይ የሚደርስ ጉዳትን በሚሸፍነው ውል) ይሸፈናል፤ ያላችሁ ላያቢሊቲ (በሌሎች ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ከሆነ ለመኪናችሁ የሚከፈል የለም። ውሃ የገባበትን ሞተር አታስነሱ።